ክምር ያልናቸው ጥቁር ነጥቦች

ፊደል የቆጠርሁት ጢሜ ሽበት ካወጣ በኋላ ነው። ጎንደር ውስጥ አንድ ኮሌጅ ጥበቃ ሆኜ ስቀጠር ደመወዝ የምቀበለው በአውራ ጣቴ እየፈረምሁ ነበር። ከኋላዬ የተሰለፉት ሲሳሳቁ እሰማ ነበር። የማታ ትምህርት የገባሁት ለእውቀት ብዬ አይደለም፤ እልህ ይዞኝ ነው። መጀመሪያ መጻፍ የቻልሁት ስሜን ነው። ከዚያ ወዲያ ያልጻፍሁበት ቦታ የለም፤ በጥበቃ ቤቱ ግድግዳ፣ በዱላዬ፣ በጃንጥላዬ እጀታ። ሰው ይሳቅ አይሳቅ ግድ አልነበረኝም።

አንድ ቀን የጂኦግራፊ መምህርት የሆነች ልጅ የላይ አርማጭሆ ሰው ስታፈላልግ ወደ እኔ መሯት። ትክል ድንጋይ ከተማ አጠገብ ተወልጄ እንዳደግሁ ነገርኋት። ሁለት ካርታ አግዳሚ ወንበሬ ላይ ዘረጋች። አንደኛው እኔ ሳልወለድ ከአውሮፕላን በተነሣ ፎቶ የተሠራ አሮጌ ካርታ ነው፤ ሁለተኛው የቅርብ ጊዜ ነው። ሁለቱን አስተያይታ አገሩ ምን እንደተለወጠ ታጠናለች፤ ጫካው የት ሄደ፣ የቱ ወንዝ ደረቀ፣ የቱ ሜዳ ተሸረሸረ። ከዚያ ቦታው ድረስ ሄዳ ሽማግሌዎችን ትጠይቃለች። ጎንበስ ብዬ የመንደሬን ወንዝ ስም ፈልጌ አነበብሁላት።

"አያ፣ ሸጋ አድርገው ያነባሉ" አለችኝ። "ከእኔ ጋር ይሂዱ። ከሽማግሌዎቹ ጋር የእርስዎም ስም መጽሐፌ ላይ ይገባል።"

ስሜ መጽሐፍ ላይ። ያን ቀን በበሩ የማሳልፈው ሰው ሁሉ ከእኔ ያነሰ መሰለኝ።

ምልክቶቹን እሷው አስተማረችኝ። ቡናማ መስመሮች ከተጠጋጉ ቁልቁለት ነው፤ ከተራራቁ ሜዳ። አረንጓዴው ጫካ ነው። ሰማያዊው ካልተቆራረጠ ዓመቱን ሙሉ የሚፈስ ውሃ ነው። ቀጭን የተቆራረጠ መስመር የእግር መንገድ ነው። ትንሽ ጥቁር ነጥብ ደግሞ ቤት። ቶሎ ገባኝ፤ በእግሬ የማውቀው አገር ስለሆነ ከማታ ትምህርቱ ይልቅ ቀለለኝ።

የቀለለኝ ግን እኛ ማሳ እስክደርስ ነው። ከአባቴ ቤት በታች፣ ወደ ወንዙ ዘንበል ያለ ትልቅ ማሳ አለን። አያቴ ጫካ መንጥሮ ያቀናው ነው እየተባለ ሲነገረን አድገናል። አሮጌው ካርታ ላይ በዚያ ቦታ አረንጓዴ የለም። ያሉት ጥቁር ነጥቦች ናቸው፤ ተጠጋግተው የተቀመጡ። አዲሱ ላይ አንድም የለም። ለልጅቱ ምንም አላልኋትም። አውሮፕላኑ ተሳስቶ ነው ብዬ ለራሴ ነገርሁት።

መንገዱ ሰላም የሆነ ሰሞን ሄድን። ትክል ድንጋይ ድረስ በመኪና፣ ከዚያ በእግር። አባቴ በአገሩ የተከበረ ሽማግሌ ነው። ሁለት ሰው በድንበር ከተጣላ እሱን ይጠሩታል፤ እሱ ምሎ "ድንበሩ ይህ ነው" ካለ ነገሩ አለቀ፤ ወረዳ የሚሄድ የለም። ጎረቤቶቹ የግቢያችን ካብ ላይ ተደርድረው ተቀመጡ፤ ልጅቱ መሬት ላይ ካርታውን ዘረጋች፤ እኔ ከጎኗ ቁጢጥ ብዬ ምልክቱን እፈታለሁ። ሰው ሁሉ ያየኛል። በአውራ ጣቱ ይፈርም የነበረው ያ ሰውዬ።

አባቴ አማረበት። ቦረቦሩ በእሱ ልጅነት ጥጃ የሚዘለው እንደነበር ተናገረ። ባሕር ዛፉ ከመምጣቱ በፊት ምንጩ የት የት እንደነበረ በዱላው አሳየ። ልጅቱ አንዱን አረንጓዴ ነክታ ይህ ጫካ የት ሄደ ብትል፣ አባቴ አጠገቡ የተቀመጠውን ጎረቤቱን በክርኑ ጎሰመው።

"ምነው ዝም ትላለህ? ንገራት እንጂ። ቤትህ ላይ ምሰሶ ሆኖ ቆሞ የለም እንዴ?"

ሁሉም ሳቁ፤ ጎረቤትየውም ሳቀ። ልጅቱ እየሳቀች ጣቷን ወደ ነጥቦቹ ወሰደች፤ እነዚህ ቤቶች የማን እንደነበሩ ጠየቀች።

ሳቁ ቆመ። ካቡ ላይ የተቀመጡት ሁሉ አንገታቸውን ደፉ። አባቴ ግን አልደነገጠም።

"ቤት አይደለም የኔ ልጅ፤ ክምር ነው። ያ በራሪ የመጣው በመኸር ነው። ጤፋችን ተከምሮ ቢያይ ቤት መስሎታል።"

ልጅቱ ወደ እኔ ዞረች። "አያ፣ ይሆናል?"

አገሩንም ካርታውንም የማውቅ እኔ ነኛ። ዓይኔ ከነጥቦቹ ተነሥቶ ወደ ወንዙ የሚወርደውን ቀጭን የተቆራረጠ መስመር አየ። የእግር መንገድ ነው። ክምር ውሃ አይቀዳም። አባቴ አላየኝም፤ ዱላውን ነበር የሚያየው።

"አዎ፣ ክምር ነው" አልሁ።

ጻፈችው።

ከዚያ ቦረቦሩን ሊያሳዩዋት ሌሎቹ ይዘዋት ሄዱ። እኔና አባቴ ወደ ማሳው ወረድን። ገብሱ ከሌላው ማሳ ሁሉ በልጦ ቆሟል፤ ዘወትርም እንደዚያ ነው። ሰው የኖረበት ኦና አመዱ፣ ፍጉ፣ የጓሮው ጥራጊ አፈሩን እንደሚያሰባው የማያውቅ ገበሬ የለም። እኔም አውቅ ነበር። የዚያን ማሳ እንጀራ እየበላሁ ያደግሁ ሰው አንድ ቀን እንኳ "ምነው ይኼ ብቻ?" ብዬ አልጠየቅሁም። ስናርስ የሸክላ ስባሪ ከትልሙ ይወጣል፤ በእግሬ ገፋ አድርጌ አልፍ ነበር። ከማሳው እየለቀምን ዳር የቆለልነው ድንጋይ አንድ ወገኑ በጭስ የጠቆረ ነው። እሱንም በእጄ ተሸክሜዋለሁ።

"አባባ፣ ክምር የጠቆረ ድንጋይ አለው እንዴ?" አልሁት።

ቁልሉ ላይ ተቀመጠ። "ወረቀት ማንበብ ለመድህ አሉ። አሁን እኔን ልታነብ ነው?"

ከጎኑ ተቀመጥሁ። እሱው ጀመረ። ሸክላ ሠሪዎቹና ቀጥቃጮቹ ነበሩ አለ። በስም ጠራቸው፤ ልጅ ሆነን ስንጣላ የምንሰዳደብበትን ያን ስም። እዚህ አልጽፈውም። እነሱ ራሳቸውን ቤተ እስራኤል እንደሚሉ ያወቅሁት ጎንደር ከገባሁ በኋላ ነው። እኛ ማሳ ላይ መኖራቸውን ግን አላወቅሁም።

"ያነ አንተ ሳትወለድ ሁሉም ሌሊት ተነሥተው በእግራቸው ወደ ሱዳን ሄዱ" አለ። "ማረሻየን የሚቀጠቅጥልኝ ሽማግሌ ነበረ። በዋዜማው ጠርቶ የቤቱን መዝጊያ አስጨበጠኝና 'እስክመለስ አደራ' አለኝ።"

"አንተስ?"

"አንድ ክረምት ጠበቅሁ።"

ሊነሣ ሲል ዱላውን ተደግፎ፣ መዝጊያዋ እኛ ቤት እንዳለች ነገረኝ፤ ስገባ ስወጣ ያደግሁባት ያችው የዋንዛ ሳንቃ። የሽማግሌው ቤት ጣሪያ ከመውደቁ በፊት ነው የነቀላት።

"ለዚች ልጅ ብትነግራት፣ ዛሬ በካርታ ያዩትን ነገ በገመድ ሊለኩት ይመጣሉ። አደራ በላ ብለው ድንበርም አያስምሉኝ። አንድ ሐሙስ የቀረኝ ሰው ነኝ፤ ከነክብሬ ልቀበር።"

ተቆጥቼ ቢሆን ለወግ ያህል እንኳ እጽፈው ነበር። አልተቆጣሁም። ያሰብሁት ስለ ማሳው ነው። እሱ ሲሞት የእኔ ነው።

ስንመለስ ወለቃ ላይ፣ ቤተ እስራኤሎች ሸክላ ይሠሩበት በነበረው መንደር፣ መኪናውን አስቆመችና ከመንገድ ዳር አንድ ጀበና ገዛች። እንዳይሰበር ብላ እኔ ጭን ላይ አስቀመጠችው። እስከ ጎንደር ድረስ በሁለት እጄ አቅፌው ሄድሁ። እሷ ስለ ክምሩ ለተማሪዎቿ እንደምትነግራቸው እያወራች ትስቃለች፤ አሮጌ ካርታ ሁልጊዜ እንደማይታመን ጥሩ ምሳሌ ነው ትላለች።

ሰነበተችና ለመጽሐፏ የሠራችውን አዲስ ካርታ ይዛ ጥበቃ ቤቴ መጣች። እኛ ማሳ ላይ በደቃቅ ፊደል "የእህል ክምር" ይላል። ከሥር የነገሯት ሰዎች ስም አለ፤ መጨረሻው የእኔ ነው። በማሽን ተጽፎ ያየሁት ያን ቀን ነው። ሁለት ጊዜ አነበብሁት። ከዚያ ጣቴን ክምሩ ላይ አሳረፍሁ።

"ክምር አይደለም" አልኋት። "ኦና ነው።"

ስለ እግር መንገዱ፣ ስለ ድንጋዩ፣ ስለ ቤተ እስራኤሎቹ ነገርኋት። የአደራውን ነገር ዋጥሁት። ያን ጊዜ ለምን እንዳልነገርኋት ጠየቀችኝ፤ አባቴ ስለሆነ ነው አልሁ። ያም የእውነቱ ግማሽ ነው። ፊቷ ጠቆረ። እርሳስ አወጣችና መንደሩ ማን ይባል እንደነበር ጠየቀችኝ። አላውቅም። አባቴን አልጠየቅሁትም፤ እሱም አልነገረኝም። የማውቀው ስድቡን ብቻ ነው። "የእህል ክምር" የሚለውን ሰርዛ "የቤተ እስራኤል ኦና" ብላ ጻፈች።

"ማን ነገረኝ ልበል?" አለች።

"ስሙን ሰርዥው" አልኋት።

"የአባትዎን ስም መቼ አልሁ፤ የእርስዎን ነው እንጂ።"

"የኔን ነው የምልሽ።"

እርሳሱን ወደ ታች ወሰደችና ስሜ ላይ አንድ መስመር ሰረዘችበት። መስመሩ ቀጭን ነው፤ ስሙ ከሥሩ አሁንም ይነበባል። ወረቀቱን እስክታጥፈው ድረስ አነበብሁት።