ተመስገን የማይሞላው ፎርም

ፀጋን «እንዴት ነሽ?» ብሎ የጠየቀ ሰው ሁሌም የሚሰማው አንድ መልስ ነው፦ «ተመስገን፣ ምን ጎድሎብኝ!» ገልባጭ መኪናዋ በጃንዋሪ ብርድ አልነሳም ብላ ሞተሩ ላይ ብርድ ልብስ ጥላ ስትለማመጣት ብትጠይቋት እንኳን መልሱ ያው ነው። ሚኒሶታ፣ ክሪስታል ከተማ ባለው ቤተ ክርስቲያኗ ምስክርነት ሲባል መጀመሪያ የምትነሳው እሷ፣ መጨረሻ የምትቀመጠውም እሷ ነች።

እና አሁን ለዚች ሴት «ችግርሽን ጻፊ» የሚል ፎርም መጣላት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ፀጋ ያለቻት አንዲት ነጭ ገልባጭ ነች፣ ስሟም ሙሽራ። የአውቶቡስ መስመር፣ የባቡር መስመር ሲሠራ ሁለቱ አፈር ያወጣሉ፣ ጠጠር ያስገባሉ። ትልልቆቹ ኮንትራክተሮች ከሥራው ቆርሰው የሚሰጧት ሰርተፊኬት ስላላት ነው፤ ዕድል ላልቀናቸው ትንንሽ ድርጅቶች የሚሰጥ ሰርተፊኬት። ድሮ ሴት ከሆንሽ ወይ ጥቁር ከሆንሽ ዕድል እንዳልቀናሽ በዚያው ይታሰብልሽ ነበር። አሁን ሕጉ ተቀየረ። ሁሉም እንደ አዲስ ይታያል፣ ሴትነትም ቆዳም አይቆጠርም፣ እያንዳንዱ ሰው ምን ደረሰብኝ፣ መቼ፣ እንዴት ወደ ኋላ አስቀረኝ የሚለውን ራሱ በጽሑፍ ማስረዳት አለበት። ያላስረዳ ሰርተፊኬቱ ይቀርበታል። የፀጋ ከቀረ ደግሞ ለስፕሪንግ ቃል የተገባላት የአውቶቡስ መስመር ሥራ አብሮ ይቀራል፣ ሙሽራም ግቢ ውስጥ ቆማ በረዶ ትለብሳለች።

ፀጋ አልደነገጠችም። ታሪክ መናገር አይደል እንዴ? ቁጭ ብላ አራት ገጽ በአማርኛ ሞላችና ወደ እንግሊዝኛ እንድታዞረው ለልጇ ለሮሆቦት ሰጠቻት። ሮሆቦት እዚሁ ሚኒሶታ የተወለደች የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ነች፤ እናቷ በአማርኛ ስታወራት በእንግሊዝኛ ነው የምትመልሰው። አነበበች፣ አነበበችና ላፕቶፑን ቀስ አድርጋ ዘጋችው።

«ማም፣ ዩ ሳውንድ ሪች።»

«ሀብታም? የቱ ጋ ነው ሀብታም የመሰልኩት?»

ሁሉም ጋ ነው። «ባንኩ ሲከለክለኝ ጌታ የተሻለ ሊሰጠኝ መሆኑ ገባኝ» ይላል። «ኢንሹራንሱ እጥፍ ሲጠይቀኝ በዚያው ጸሎት ለመድኩ» ይላል። መዝጊያው ደግሞ «አንዳች አልጎደለብኝም» ነው። ይሄንን ያነበበ ሰው ሰርተፊኬት ሊሰጣት ቀርቶ መባ ነው የሚጠይቃት።

ሦስቴ ጻፈችው። ሦስቴም ምስጋና ሆኖ አረፈው። «ምን ላድርግ? ያጎረሰኝን እጅ ልንከስ?» አለች።

በማግስቱ ኩን ራፒድስ ከተማ አጠገብ ያለ የጠጠር ግቢ ውስጥ ተሰልፋ ተራ ስትጠብቅ ባድሩ ገልባጩን ከጎኗ አቆመ። ባድሩ ቤቱ ኦሮምኛ፣ ሥራ ላይ አማርኛ የሚያወራ የድሮ የሥራ ጓደኛዋ ነው። ያው ፎርም ለሱም ደርሶታል።

«ጻፍክ?» አለችው በመስኮት።

«አልሐምዱሊላህ ብዬ ጀመርኩ። እዚያው አለቀ።»

«አንተ? አንተማ ፍዳህን ያየህ ሰው! ያ ኮንትራክተር በጋውን ሙሉ ሥራ አለህ ብሎ ሁለተኛ መኪና ካስገዛህ በኋላ ሥራውን ለሚስቱ ወንድም አልሰጠውም? መኪናዋን መልሰህ ስትሸጥ አብሬህ የሄድኩት እኔ አይደለሁም?»

ባድሩ አንገቱን በመስኮቱ አወጣ። «የኔን እንዴት አሳምረሽ አወራሽው እባክሽ? ያንቺንስ እኔ የማላውቅ መሰለሽ?»

በቃ፣ መላው ተገኘ። እሑድ ከቸርች መልስ ባድሩ ቤቷ መጣ። ሮሆቦት ላፕቶፑን ይዛ መሀል ተቀመጠችና ሕግ አወጣች፤ ባድሩ የእናቷን ታሪክ ያወራል፣ እናቷ «እውነት» ወይም «ውሸት» ከማለት ሌላ አንድ ቃል አትናገርም፣ «ተመስገን» ጭራሽ ክልክል ነው።

«ሦስት ባንክ ሄዳ ሦስቱም መለሷት» አለ ባድሩ። «ደብዳቤዎቹ ኪችን መሳቢያ ውስጥ አሉ።»

«እውነት።»

«አንድ ሳይት ላይ ደግሞ ሰባት ሳምንት ሙሉ መጀመሪያ መጥታ መጨረሻ ነበር የሚጭኑላት። የፎርማኑ ጓደኞች ይቀድሟታል። ስምንት ትሪፕ መሥራት ስትችል በቀን ሦስት ሆነባት። እሷ መኪና ውስጥ ትዘምራለች።»

«እውነት።»

«አንድ ቀን ግን አለቀሰች።»

«ውሸት! አቧራ ነው።»

«መስኮቱ ዝግ ነበር እኮ፣ ፀጊ።»

ሮሆቦት መጻፏን አቆመች። ከዚያ ስንት ጊዜ ተለምና በማታወጣው አማርኛ፣ «እማዬ፣ አልቅሰሻል?» አለቻት።

ፀጋ የጠረጴዛውን ልብስ በጣቷ አስተካከለች። «ትንሽ» አለች። ከዚያም፣ «እውነት ነው። ጻፊው።»

ቀጥሎ ተራው ተገለበጠ። ፀጋ የባድሩን ጀመረች፣ እሷን ደግሞ ማን ያስቁማት! ሮሆቦት ጣቷ እስኪዝል ጻፈች፣ ባድሩም «እውነት፣ እውነት» እያለ ሦስት ሳህን ምስር ጨረሰ። የባንኩ ደብዳቤ ከመሳቢያ፣ የየጭነቱ ሰዓት ያለበት ቲኬት ከመኪናው ኪስ ተለቅሞ ከጽሑፉ ጋር ሄደ።

በረዶው መቅለጥ ሲጀምር የሁለቱም መልስ በአንድ ሳምንት መጣ። ሰርተፊኬታቸው ጸደቀ። ፀጋ ደብዳቤውን ሙሽራ ውስጥ ሆና ሁለቴ አነበበችውና መሪውን ሳመችው።

በነጋታው ጠጠር ግቢው ውስጥ ባድሩ ከጎኗ ቆመ።

«እንዴት አደርሽ፣ ፀጊ?»

ክርኗን መስኮቱ ላይ አሳርፋ፣ ፊቷን ኮስተር አድርጋ፣ «ተቸግሬ» አለችው። «ማስረጃም አለኝ።»

ባድሩ ከሳቁ ብዛት ማርሽ ማስገባት አቃተው፣ ከኋላቸው የተሰለፈው ሁሉ ጥሩምባውን አቀለጠው።

«አልሐምዱሊላህ» አለ ዓይኑን እየጠረገ።

«እሱን ፎርሙ ላይ እንዳትጽፈው» ብላው፣ እየዘመረች ወደ ጫኙ ማሽን ተጠጋች።