ዝናብ ቆጣሪው መብራት ሲቆጥር

አባቴን የሰፈሩ ሰው «ጋሽ ደመና» ይለዋል። የትምህርት ቤት ቤተ ሙከራ ሠራተኛ ነበር፤ ጣራችን ላይ የአየር ሁኔታ መለኪያ ከተከለ ጀምሮ ልብስ ያጠበች ጎረቤት ሁሉ ከአጥር ማዶ፣ «ጋሽ ደመና፣ ዛሬ ላስጣ?» ትለዋለች።

በዚያ ዓመት የቤቱ ፊውዝ በየሳምንቱ ይቃጠል ጀመር። አባቴ ጓሯችን ያለችውን ክፍል የተከራየውን ልብስ ሰፊ ጠረጠረ።

«ያንተ ካውያ ነው!» አለው።

«ጋሼ፣ እኔ እኮ ቀን ሱቅ ነው የምውለው። ካውያዬም እዚያው ነው።»

አባቴ አልሰማውም። በማስረጃ ሊይዘው ቆረጠ። የዝናብ መለኪያው ማንኪያ የምታህል ጽዋ አለችው፤ ሞልታ በተገለበጠች ቁጥር አንድ ብሎ ይመዘግባል። የመብራት ቆጣሪው ደግሞ ጥቂት ኃይል በፈጀን ቁጥር ቀይ ብልጭ ይላል። አባቴ የጽዋዋን ሽቦ ነቀለና ብርሃን ከሚለይ ትንሽ ዕቃ ጋር አገናኝቶ ቆጣሪው ላይ በፕላስተር ለጠፈው። ብልጭታው እንደ ዝናብ ይመዘገብ ጀመር።

እናቴ የመለኪያውን ስክሪን አይታ፣ «ሰማዩ እንዲህ ጠርቶ ይሄ ሁሉ ዶፍ ከየት መጣ?» ብላ ሳቀች።

ከሳምንት በኋላ አባቴ መዝገቡን ከፈተ። ልብስ ሰፊው ማታ ሲገባ ቁጥሩ እምብዛም አይጨምርም። ከረፋዱ አራት ሰዓት እስከ ቀትር ግን በየቀኑ ያሻቅባል። በዚያ ሰዓት ቤት የምትውለው እናቴ ብቻ ናት።

በማግስቱ ሥራ እንደሚሄድ ተሰናብቶ ወጣና ረፋዱ ላይ ተመለሰ። እናቴ በር ላይ ቆማ መንገዱን ታያለች። ማድቤት የኤሌክትሪክ ምድጃው ፍም መስሏል፤ ምንም አልተጣደበትም። ካውያውም እንደተሰካ ነው፤ ሥሩ ያለው ፎጣ መጥቆር ጀምሯል።

«ምን ልትሠሪ ነው?» አላት ሁሉንም እየነቀለ።

እናቴ ምድጃውን አየች፤ እሱን አየች። «አንተ አይደለህ እንዴ የከፈትከው?»

ቀልድ መስሎት እስክትስቅ ጠበቀ። አልሳቀችም።

እኔ የምኖረው ሌላ ከተማ ነው፤ ወዲያውኑ ደወለልኝ። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ቁጥሩን በደረቅ ድምፅ አነበበልኝ። ከዚያ፣ «ሦስት ወር ሙሉ ፊውዝ ስቀይር እሷን አላየኋትም» አለኝ።

ሐኪሙ የመርሳት ሕመም ነው አለን፤ በመድኃኒት ይዘገይ ይሆናል እንጂ አይድንም። አባቴ ልብስ ሰፊውን ይቅርታ ጠየቀው፤ እሱም «ኧረ ጋሼ፣ ይተዉት» ብሎ አንገቱን ደፋ። ከዚያ አባቴ ጡረታው ሁለት ዓመት ሲቀረው ሥራውን ለቀቀ። አሁን ረፋዱን አብረው ሰፈሩን ይዞራሉ። እናቴ በስልክ ታማዋለች፦ «አባትሽ ሥራ የለውም እንዴ? እኔን ሲከተል ይውላል!»

ትናንት ስደውል ስልኩን ያነሳችው እሷ ነበረች። «እማዬ» አልኳት።

«ማን ልበል?» አለችኝ፣ በትሕትና።

ስሜን ነገርኳት።