ለሚ የሚጭንልን የፍቅር ዘፈኖች

ቡራዩ የገባነው ገና ልጅ ሳለሁ ነው። አዲስ አበባ የቤት ኪራይ አልቀመስ ሲል፣ አባቴ ኦቦ ገመቹ ግቢ ውስጥ ሁለት ክፍል ተከራየ። ኦቦ ገመቹ ከተማው ሳይደርስባቸው በፊት ጀምሮ እዚያው የሚያርሱ ሰው ነበሩ። ልጃቸው ለሚ መንገድ ዳር ባለች ጠባብ የቆርቆሮ ሱቅ ውስጥ ሞባይል ይጠግናል፣ ሚሞሪ ላይ ዘፈን ይጭናል።

የእኛ ዕድሜ ሰው ያስታውሰዋል፤ ያኔ ዘፈን የሚገኘው እንደዚያ ነበር። ከትምህርት ቤት ስንመለስ የጋለ የመበየጃ ካውያ ሽታ ከሱቁ ይቀበለናል፣ በሩ ላይ የቆመው ስፒከር ሰፈሩን ያናውጠዋል። በአማርኛውም በኦሮምኛውም የሚባለው ያው ነበር፤ ፍቅር ባሕር ያሻግራል፣ ፍቅር ተራራ ይንዳል። እኔ ሁሉንም አምን ነበር። ታላቅ እህቴ መቅደስ ደግሞ ከእኔ ባሰች፤ የኦሮምኛውን ዘፈን ትርጉም ለሚን እየጠየቀች ስትለምድ፣ ቋንቋውንም ልጁንም ወደደች።

ከዚያ በአዲስ አበባ ማስተር ፕላን ላይ የተነሣው ተቃውሞ መጣ። የአምቦ መንገድ በድንጋይ ተዘጋ፣ የጎማ ጢስ ክፍላችን ድረስ ገባ፣ ትምህርት ቀረ። አንድ ቀን ረፋድ ላይ ወጣቶች ሲታፈሱ ለሚም ከሱቁ ተወሰደ። ስፒከሩ ብቻውን እየዘፈነ ቀረ። ኦቦ ገመቹ ሄደው እስኪዘጉት ድረስ ማንም ደፍሮ አልነካውም።

መቅደስ በማግስቱ ምሳ ቋጥራ ፖሊስ ጣቢያ ሄደች፤ እኔም ተከተልኳት። እናቶች በሩ ላይ ፀሐይ እየመታቸው ተቀምጠዋል። ምሳው ይገባል፣ ባዶ ዕቃው ይወጣል፤ እሱን ግን አናየውም። ቤት ስንመለስ አባቴ ተቆጣ።

«እዚያ በር ላይ ከታየሽ ነገ እኛም ቤት ይመጣሉ። ምንሽ ነው?»

«ምሳ እንጂ ሌላ ምን ወሰድኩለት፣ አባዬ?» አለችና አለቀሰች።

ኦቦ ገመቹ ሰምተው ኖሮ በራችን ላይ ቆሙ። «አቶ ታደሰ፣ ልጅቷን አይቆጧት» አሉ። «እናቱ በሕይወት የለች፤ እኔም ጉልበቴ እምቢ ብሎኛል። እሷ ባትሄድ ማን ይሄድለታል?»

አባቴም ከዚያ ወዲያ አልከለከላትም።

አንድ ቀን ምሳው እንደተቋጠረ ተመለሰ። «እዚህ የለም» አለን ጠባቂው። የት እንደተወሰደ የሚነግረን ጠፋ። መቅደስ ሰበታ ሄደች፣ ሱሉልታ ሄደች፣ አምቦ ድረስ ሄደች። ስትመለስ ያበጠ እግሯን ሞቅ ያለ ውሃ ውስጥ ትነክራለች። ያን ሁሉ ዘፈን ስሰማ ስለሚያብጥ እግር የዘፈነ ሰው አላጋጠመኝም ነበር። ክረምቱ ሊገባ ሲል ሌላ ጣቢያ ታስሮ አገኘችው፤ ምሳ ማመላለሱም እንደገና ተጀመረ።

ክረምቱ ካለፈ በኋላ ተፈታ። ከስቶ ነበር፤ ድምፅ በሰማ ቁጥር ይበረግጋል። አባቴ ቀድሞ ሄዶ አቅፎ ሳመው። ለሚ ግን ሱቁን ዳግመኛ አልከፈተም። ከዓመታት በኋላ ከመቅደስ ጋር ሲጋቡ ስፒከር አልተከራየንም፤ በጭብጨባ ብቻ ዳርናቸው።

ዛሬ ዘፈን የሚያስጭን የለም፤ ሁሉም በየስልኩ አለው። ጠዋት ወደ ሥራ ስሄድ ሚኒባሱ ውስጥ ፍቅር አሁንም ተራራ ይንዳል፤ ሰዉ አንገቱን ደፍቶ ያንቀላፋል። እኔም ደክሞኝ አብሬ አንቀላፋለሁ። ያኔ አንዲት ዘፈን እንኳ እንዳታመልጠኝ ከትምህርት ቤት እስከ ሱቁ እሮጥ ነበር።

ባለፈው እሁድ ከሰዓት ሱሉልታ፣ እነመቅደስ ቤት ሄድኩ። ሬዲዮ ስከፍት ከልጅነታችን ዘፈኖች አንዱ መጣ። ደስ ብሎኝ ድምፁን ልጨምር ስል መቅደስ ከጓዳ ብቅ አለች።

«ዝጊው እባክሽ» አለችኝ በሹክሹክታ። «ሌሊቱን ሙሉ ሲገላበጥ ነው ያደረው። አሁን ገና ሸለብ አደረገው።»

ዘጋሁት። እሷም ሶፋው ላይ የተኛው ለሚ አጠገብ ቁጭ አለችና፣ ፊቱ ላይ የሚያርፈውን ዝንብ በነጠላዋ ጫፍ ቀስ እያለች ታባርርለት ጀመር።