መብራት የጠፋበት ፊልም

ከሾላ ገበያ በርበሬ ገዝቼ ስወጣ ነው የያዙኝ። ሲቪል የለበሱ ሁለት ሰዎች ግራና ቀኝ መጡና አንዱ እጁን ትከሻዬ ላይ ጣል አድርጎ፣ «ወንድሜ፣ ለጥቂት ደቂቃ ትፈለጋለህ» አለኝ። እንዴት ያለ ትሁት ሰው ነው! ጥቂት ደቂቃዋ ክረምቱን ሙሉ ፈጀች። በርበሬውንም ከቀበቶዬና ከጫማዬ ማሰሪያ ጋር እስር ቤቱ በር ላይ ተረከቡኝ። እስከ ዛሬ አልመለሱልኝም።

ያስገቡኝ ክፍል ድሮ መጋዘን የነበረ ይመስለኛል። ጣራው ቆርቆሮ፣ ወለሉ ሲሚንቶ፣ ጥግ ላይ ባልዲ። የባልዲው ሽታ ከአፍንጫ በፊት ዓይን ያቃጥላል። ከበሩ በላይ ባለችው ጠባብ መስኮት የእንጦጦ ጫፍ ይታያል፤ እሱንም ጭጋግ ካልሸፈነው ነው። ከሰዉ ብዛት የምንተኛው በጎናችን ነበር፤ አንዱ ሲገላበጥ ሁላችንም እንገላበጣለን።

እዚያ ቤት አዲስ የገባ ሰው «የሻማ» ይከፍላል። ሻማ የሚባል ነገር የለም፤ ስሙ ነው እንጂ ለጠያቂ የለሾች ሳሙናና ዳቦ ይገዛበታል። ገንዘብ የሌለው በአፉ ይከፍላል፤ ይዘፍናል ወይ ይቀልዳል ወይ ያወራል። የኔን ኪስ ደግሞ በር ላይ አራግፈውታል። ካቦው፣ ማለትም የክፍሉ አለቃ፣ ጢማቸው የሸበተ ጭምት ሰው ነበሩ። በገባሁ ማግስት፣ በሩ ከተቆለፈ በኋላ፣ «በል እንግዲህ፣ ምን ታውቃለህ?» አሉኝ።

ዘፈን አልችልም። ቀልድ በዚያ ሰዓት ከየት ይምጣ? አፌ ላይ የመጣልኝ በጉርምስናዬ እንደ ነፍሴ የምወደው ፊልም ነው።

ያየሁት ላምበረት፣ ቁልቁለቱ ላይ በነበረ ቪዲዮ ቤት ነው። ከቴሌቪዥኑ አጠገብ ማይክ የያዘ ተርጓሚ ይቀመጥና እንግሊዝኛውን እየሰማ በአማርኛ ያወራልናል። እንግሊዝኛው ምን ያህል እንደነበረ እሱና እግዜር ይወቁ፤ አፉ ግን ጉድ ነበር! ታሪኩ ይኸውላችሁ። ሩቅ ኮከብ ላይ ሰዎች ተራራ ሥር ከተማ ሠርተው ይኖራሉ። ውጭ አየር የለም። የሚገዛቸው አንድ የሚናገር ማሽን ነው፤ በሩን መክፈት ክልክል ነው ብሏል። አንድ ቀን አንዱ ሰማይ ምን እንደሚመስል ለማየት ይከፍተዋል። ማሽኑ የከፈተውን አላወቀም፤ ጓደኛውን ግን ይይዛል። «ማን እንደከፈተው ተናገር፤ ሚስትህ ዘንድ ትገባለህ። እምቢ ካልክ አየር ወደሌለበት ትወጣለህ» ይለዋል።

ልክ እዚህ ላይ መብራት ጠፋ። ቤቱ በፉጨት ተናወጠ። ባለቤቱ ገንዘባችንን መልስ እንዳንለው ተርጓሚውን፣ «ጨርስላቸው!» ብሎ ጮኸ። ወትሮም ልማዱ ይኸው ነበር፤ መብራት ሲጠፋ የቀረውን ተርጓሚው በአፉ ይጨርሰዋል። በጨለማ ውስጥ ጨረሰልን። የተያዘው ልጅ አልተናገረም። ማሽኑ ጠየቀው፣ ለመነው፣ አስፈራራው፤ እሱ ዝም። በመጨረሻ የሸሚዙን ቁልፍ እስከ አንገቱ ቆልፎ በገዛ እግሩ ወጣ። ያጨበጨብነው ጭብጨባ! እኔማ ቤት ስገባ በመስታወት ፊት ሸሚዜን ስቆልፍ አመሸሁ።

ይህንን ሁሉ፣ መብራት መጥፋቱን ጭምር፣ ለክፍሉ ሰዎች አወራሁላቸው። ከጎኔ የተኛው የሚኒባስ ሾፌር ነበር፤ ከላምበረት አያት የሚሠራ፣ በዕድሜ እኩያዬ የሚሆን። መሐል ላይ እየገባ ይተርበኝ ነበር።

«ብረት ያወራል እንዴ? የኔ ሚኒባስ ብታወራ ጉዴ ፈልቶ ነበር!»

ሰዉ ሳቀ። የሱን ነገር ግን ሁሉም ያውቃል፤ ለኔም በገባሁ ዕለት ነው የነገሩኝ። ጎረቤቱ መሣሪያ ሲጭን አይቻለሁ ብለህ ፈርም ይሉታል። አላየም። ከፈረመ ዕለቱን ቤቱ ይገባል፤ ሚስቱ መውለጃዋ ደርሷል። አልፈርምም ባለ ቁጥር እግሩ አብጦ ይመለሳል። ያን ቀን ደግሞ፣ «ነገ ወይ ትፈርማለህ፣ ወይ ከዚህ ትነሳለህ» ብለውታል።

ስጨርስ ሌሎቹ ጠባቂ እንዳይሰማ ቀስ ብለው አጨበጨቡ። ሾፌሩ አንገቱን ወደኔ አዞረ።

«ይቺን ፊልም አይቻታለሁ» አለኝ። «እዚያው ቤት።»

«ታዲያ ስሳሳት ለምን አላረምከኝም?»

«ተዋት። አንተ ስታወራት ትሻላለች።»

ደስ አለኝ። ላወራሬ የተመሰገንኩ መስሎኝ።

ጠዋት ስሙ ተጠራ። ከጀሪካኑ ትንሽ ውሃ አፍስሶ ፊቱን ታጠበ። ብርድ ልብሱን አጥፎ ለኔ ሰጠኝና፣ «ያዝልኝ» አለ። ከዚያ የሸሚዙን ቁልፍ እስከ ላይ ቆለፈ። እየተረበኝ ነው ብዬ ፈገግ አልኩ፤ እሱም ፈገግ አለ።

«አንተ ያየህ ቀን መብራት የጠፋው ጥሩ ሆነ» አለኝ።

ጠባቂዎቹ ብብቱን ይዘው ሊደግፉት ሲሉ፣ «ልቀቁኝ፣ በራሴ እሄዳለሁ» አላቸው። በዚያ ባበጠ እግር ሄደ።

ከሰዓት በኋላ ሚስቱ ያመጣችው ምግብ ከበር ተመለሰ። ስንቅ ተመለሰ ማለት ሰውየው እዚያ የለም ማለት ነው። ወዴት ተብሎ የሚጠየቅ ሰው የለም። ከአጥሩ ውጭ የሴት ድምፅ፣ «እሺ የት ወሰዳችሁት? የት ብዬ ልሂድ?» ሲል ሰማን። አንድ ጠባቂ ለካቦው፣ «ያ ደረቅ ሰውዬ እኮ አልፈርምም አለ» ብሎ ነገራቸው። እኔ ብርድ ልብሱን ፊቴ ላይ አድርጌ አለቀስኩ። ማንም ዝም በል አላለኝም።

ከተፈታሁ በኋላ ሚስቱን ፈልጌ ነበር። የተከራዩበትን ቤት ለቃ ወደ ዘመዶቿ ሄዳለች አሉኝ። ስለ እሱ የሰማ ሰው እስካሁን አላገኘሁም። ብርድ ልብሱ አያት ባለው ኮንዶሚኒየማችን፣ ቁም ሳጥን ውስጥ አለ። ሚስቴ እያጠበች ትመልሰዋለች።

በቀደም ያንን ፊልም ስልኬ ላይ አገኘሁትና ከፈትኩት። ተራራው ቀለም የተቀባ ካርቶን ነው፤ እንዴት እንደሳቅኩ! ማሽኑ ልጁን መጠየቅ ሲጀምር ሳቄን ተውኩ። ቁልፉን እስኪቆልፍ ጠበቅኩ።

ልጁ ተናገረ። አልቅሶ የጓደኛውን ስም ጠራ። ጓደኛውን አወጡት፤ በሩ ተዘጋ። ልጁ ቤቱ ገብቶ ሚስቱን አቀፈ፣ ሙዚቃ ተከፈተ፣ አለቀ።

በመጀመሪያ የመጣብኝ ሐሳብ ክፉ ነበር። ይህችን መጨረሻ ብነግረው ኖሮ ፈርሞ ይወጣ ነበር፣ ዛሬ እዚህ አያት ፌርማታ ላይ ሰው ሲጭን አየው ነበር አልኩ። ሰውየውን በውሸት ፊልም አስገደልኩት ብዬ ጭንቅላቴን ያዝኩ። ያን ጠዋት የተናገረው ትዝ ያለኝ ከዚያ በኋላ ነው። ለካ እሱ ያየ ቀን መብራት አልጠፋም። ልጁ ተናግሮ ቤቱ እንደገባ ያውቅ ነበር። እያወቀ ነው ሸሚዙን የቆለፈው።

ፊልሙን ስጀምር አጠገቤ የነበረችው ሚስቴ ከጓዳ፣ «አለቀ እንዴ? ልጁ ምን ሆነ?» አለችኝ።

ስልኩን አጠፋሁት።

«አልተናገረም» አልኳት። «በገዛ እግሩ ወጣ።»