በአባባ ስም የመረቀው ቦት

እኔ በተፈጥሮዬ ነገር ሳልነካካ መቀመጥ አልችልም። ሥራዬ ድረ ገጽ መሥራት ነው፤ ደሴ ቤታችን ቁጭ ብዬ የሆቴሉንም የክሊኒኩንም እሠራለሁ። የምወደው ግን ማንም ያላዘዘኝን ነው። አንድ ሰሞን ኮድ በተሳሳትኩ ቁጥር ባጃጅ ጡሩምባዋን እየነፋች ስክሪኑን የምታቋርጥበት ገጽ ሠርቼ ነበር። ሌላ ጊዜ ሰው ሠራሹን አስተውሎት፣ ኤአዩን፣ «የደሴን ጉም ሣልልኝ» ብዬው የማላውቀውን የፈረንጅ ከተማ ሥሎ ሰጠኝ። ታላቅ እህቴ «አቦ፣ አንቺ ሥራ ፈት!» ትለኛለች። ልክ ናት።

ከጨዋታዎቼ ሁሉ የወደድኩት አባባን መስሎ ለጽሑፍ መልእክት በራሱ መልስ የሚሰጠው ቦት ነበር። አባባ እዚሁ ደሴ፣ ፒያሳ፣ የጨርቅ ሱቅ አለው፤ ደንበኞቹ በቴሌግራም ይጽፉለታል፣ እሱም በአንድ ጣቱ እየለቀመ ይመልሳል። ኤአዩ ለብቻው ሲተው እንደ ዜና አንባቢ «ውድ ደንበኛችን» ይላል። ወሎዬ «ውድ ደንበኛችን» ሲል ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? ስለዚህ የአባባን የቆዩ መልሶች ሰጠሁትና ሁለት ትእዛዝ ጨመርኩለት፤ ማንንም እምቢ እንዳትል፣ ማንንም ሳትመርቅ እንዳታሰናብት። አባባ እንዲህ ነዋ! የሌለውን ጨርቅ እንኳ «የለም» አይልም፣ «ይመጣል ኢንሻአላህ» ነው የሚለው።

ቦቱ ቁርጥ አባባ ሆነ። እናቴ መልሶቹን ሳነብላት እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። አባባም «ማሻአላህ፣ ከእኔ ይሻላል እኮ» አለና ለአንድ ቀን በሱቁ ቴሌግራም ላይ እንድሞክረው ፈቀደልኝ። ቀኑ አለፈ፤ እኔ ማጥፋቱን ረሳሁት፣ አባባም መልስ ከመልቀም ተገላግሎ አልጠየቀኝም።

ጁምዓ ጠዋት ቦቱ ምን ሲል እንደሰነበተ ለማየት የሱቁን ቴሌግራም ከፈትኩ። ስለ ሻሽ፣ ስለ መጋረጃ፣ መሃል ላይ ከኮምቦልቻ የመጣ አንድ መልእክት። የጻፉት የአባባ የረጅም ጊዜ ደንበኛ ናቸው፤ ትልቅ ሰው ናቸው፣ መካ ደርሰው ስለመጡ ሁሉም ሐጂ ይላቸዋል። ለወንድማቸው ልጅ ታላቅ እህቴን ሊጠይቁ ሽማግሌ ለመላክ አስበዋል፤ አባባ ምን እንደሚል ቀድመው ማወቅ ፈልገዋል። እኛ ዘንድ ለዚህ መልሱ አንድ ነው፤ «እስቲ እንመካከር»። ከዚያ ቤተሰብ ይነጋገራል፣ ሽማግሌ ይመላለሳል። ቦቱ ግን እንዲህ ብሏል፦

«ሐጂ፣ እርስዎ ጠይቀውኝ እንዴት እምቢ እላለሁ? ልጅቱ የእናንተው ናት። አላህ ትዳራቸውን ያሳምረው፣ ጎጇቸውን ያሙቀው፣ ልጅ በልጅ ያድርጋቸው።»

ያ አላህ! እኛ አገር አባት አንዴ ከመረቀ የቀረ ነገር የለም። እህቴ የሐጂን የወንድም ልጅ አንድ ሰርግ ላይ ከሩቅ ከማየት በቀር አታውቀውም። የዳርኳት እኔ ነኝ፣ በሁለት መስመር ትእዛዝ።

ነገሩን ስነግረው አባባ አልጮኸም። ቢጮህ ይሻለኝ ነበር።

«በእኔ ስም?»

«በአንተ ስም።»

«መርቆ?»

«መርቆ።»

ተቀመጠ። «እኔ አይደለሁም ብል ማን ያምነኛል? ቃሉን አጠፈ ነው የምባለው» አለ። እህቴ ነርስ ናት፤ ለሥራ ለብሳ በሩ ጋ ቆማ ሁሉንም ሰምታለች። ቦርሳዋን አንስታ ወጣች። ብትሰድበኝ ምን ነበረበት?

«ይህ በስልክ አይነገርም፣ ተነሺ» አለኝ አባባ። ከሰላት በኋላ ሚኒባስ ተሳፍረን ወደ ኮምቦልቻ ወረድን። የሐረጎን ተራራ ጠመዝማዛ መንገድ ስንወርድ አባባ መስኮቱን ብቻ ያያል። ሐጂ በያዙት ከጸኑ፣ ወይ እህቴ ሳትጠየቅ ትዳራለች፣ ወይ አባባ ዕድሜውን ሙሉ የታመነበት ቃል ይቀላል። ሁለቱም በእኔ ጨዋታ። እንደዚያ ቀን ራሴን ጠልቼ አላውቅም።

ሐጂ ግቢያቸው ውስጥ ጥላ ሥር ምንጣፍ ላይ ተቀምጠው ተቀበሉን። ሰላምታው አላልቅ አለኝ፤ የልጅ፣ የጤና፣ የሱቅ፣ የዝናብ። በመጨረሻ አባባ ወደ እኔ እያየ «እሷ ትናገር» አለ።

«ሐጂ፣ ያ የጻፈልዎት አባባ አይደለም፤ እኔ የሠራሁት ማሽን ነው። ጥፋቱ የእኔ ነው፣ አፉ ይበሉኝ» አልኩ።

ግንባራቸውን ቋጠሩ። «ማሽን ይመርቃል ነው የምትይኝ?»

«ምንም ቢጠየቅ እሺ ይልና ይመርቃል።»

ስልካቸውን አወጡ፣ መነጽራቸውን አደረጉ። ቦቱን ለማስረጃ ብዬ አላጠፋሁትም ነበር። ሐጂ ቀስ ብለው «ሱቅህን ከነጨርቁ ለልጄ ስጠው» ብለው ጻፉ። መልሱ ወዲያው መጣ፤ ጮክ ብለው አነበቡት። «ሐጂ፣ እርስዎ ጠይቀውኝ እንዴት እምቢ እላለሁ? ሱቁ የእናንተው ነው። አላህ በረካ ያድርግላችሁ።»

«ኧረ በአላህ፣ ሱቄን!» ብሎ አባባ ብድግ አለ።

ሐጂ ሳቁ። ሆዳቸውን ይዘው፣ መነጽራቸው ምንጣፉ ላይ እስኪወድቅ ሳቁ። ከዚያ ዓይናቸውን ጠረጉና ወደ አባባ ዞሩ።

«ስማኝ። መልእክቱ ሲደርሰኝ ደስ ብሎኛል፣ አልዋሽህም። ግን ለወንድሜ ልጅም ለማንም አልተናገርኩም። ምርቃት ፊት ለፊት ነው፣ እጅ ተዘርግቶ። እኔ ለስልክ አሚን አልልም። አሚን ካልተባለ ደግሞ ምን ተሰጠ? አፍህ እስኪናገር እየጠበቅኩ ነበር።»

«ወላሂ?» አልኩ ሳላስበው፣ በትልቅ ሰው ፊት።

«ወላሂ» አሉኝ። «አሁን ሂዱና ልጅቱን ጠይቋት። እሺ ብትልም እምቢ ብትልም የእኔና የአባትሽ ወዳጅነት እንዳለ ነው።»

እፎይ! ቦቱን እዚያው ፊታቸው አጠፋሁት፤ ወደ ደሴ ስንመለስ ሽቅብ መንገዱን ሙሉ እኔና አባባ «ሱቄን!» እያልን እንስቃለን፣ ተሳፋሪው እብድ ይበለን ብለን።

አመሻሽ ላይ እህቴ ከሥራ ስትገባ የሆነውን አንድ በአንድ ነገርናት። አልሳቀችም። አባባ ወደ እሷ ዞረ። ስለ ትዳር ሲጠይቃት ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው። «ልጄ፣ አንቺ ምን ትያለሽ?»

«አልፈልግም፣ አባባ።»

ለምን አላላትም። ስልኩን አንስቶ በራሱ አፍ «ሐጂ፣ ልጄ አልፈቀደችም» አለ። ሐጂ «ኸይር ነው፣ ኸይር ነው» ሲሉ እኛም ተሰማን። እናቴ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ተነፈሰች።

እህቴ ያኔ ገና ተቀመጠች። «አባባ» አለች፣ «ሐጂ አሚን ብለው ቢሆንስ?»

አባባ ስልኩን ምንጣፉ ላይ አስቀመጠ። ዓይኗን ማየት አልቻለም።

«አልሐምዱሊላህ» አለ፣ «አላሉም።»