ያስገዘትኩት ወንድሜ

በዚያን ጊዜ እንጀራዬ ሰው መጠየቅ ነበር። ካምፓላ በኮሮና ለሁለተኛ ጊዜ ስትዘጋ፣ ንሳምብያ ዳገት ላይ ባለች አንዲት ክፍል አልጋዬ ላይ እግሬን አጣጥፌ ተቀምጬ፣ መልካቸውን አይቼ ለማላውቃቸው ሰዎች እየደወልኩ «ባለፈው ሳምንት ስንት ቀን ጠጡ? ስንት ሌሊት እንቅልፍ እምቢ አለዎት?» እላለሁ። የጥናት ሥራ ነው። መጠጥ ወይም ሌላ ሱስ የያዛቸውን፣ በዚያ ላይ ጭንቀትና ድብርት የተጫናቸውን ሰዎች፣ ሁለቱንም ሕመም አንድ ቦታ አንድ ላይ ማከም ይሻል እንደሆነ የሚያይ ጥናት። ድሮ የአእምሮ ሐኪሙ «መጀመሪያ መጠጡን ትተህ ና» ይላል፣ የሱስ ሐኪሙ ደግሞ «መጀመሪያ ጭንቀትህን ታክመህ ና» ይላል፤ በሽተኛው መሃል ሜዳ ይቀራል። እኔ የተቀጠርኩት አማርኛና ትግርኛ ስለምናገር እንጂ ስለ ሕክምና አውቄ አይደለም።

ያ ጊዜ አሁን ሳስበው እውን አይመስለኝም። ታክሲ የለ፣ ቦዳ የሚሉት ሞተር ሰው አይጭን፣ ከተማው ጭር ብሎ ነበር። ጠዋት ከሐይቁ በኩል የሚመጣው ጉም መስኮቴ ሥር ያለውን የአቮካዶ ዛፍ ይውጠዋል፤ ከዚያ ቀስ እያለ መጀመሪያ ጫፉን፣ በኋላ ግንዱን ይመልሰዋል። ፊት ለፊት ያለው የቆርቆሮ ጣሪያ ላይ አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች አንገታቸውን ቀብረው ይቆማሉ፤ አንዳንድ ቀን እኔም እነሱም ሳንነቃነቅ ስንተያይ ሰዓቱ ያልፋል። ስልኩን ስዘጋ የሰዎቹ ድምፅ ክፍሉ ውስጥ ይቀራል። አንድ ሽማግሌ ነበሩ፣ ሲናገሩ ሁልጊዜ ከኋላቸው ዶሮ ይጮሃል፤ ሳላያቸው ቀይ፣ ረጅም፣ ባርኔጣ የሚያደርጉ ሰው አድርጌያቸዋለሁ። ባሏ እንዳይሰማት የምታንሾካሹክ ሴት ነበረች። ከሰዓት በኋላ ሸለብ ሲያደርገኝ ሁሉም ይመጡና አልጋዬ ጠርዝ ላይ ተራቸውን ይዘው ይቀመጣሉ። ስነቃ ወደ ግድግዳው ተጠግቼ፣ ቦታ ለቅቄላቸው እገኛለሁ።

ከጥያቄዎቹ መጨረሻ የሚነበብ ነገር አለ፦ «ጠጥተው ከሆነ ይንገሩኝ። አይወቀሱም፣ ከዚህም አይባረሩም። ዛሬ ካሉበት እንጀምራለን።» ወደ አማርኛ የመለስኩት እኔ ነኝ። ሐኪሙ ምክንያቱን ሲያስረዱን፣ ከዚህ ሕመም የሚድን ሰው መንገድ ላይ አንዴም ሁለቴም መውደቁ ያለ ነው፤ የሚከፋው «እንግዲህ አለቀልኝ» ብሎ እዚያው መተኛቱ ነው ብለው ነበር። አንገቴን እየነቀነቅኩ ጻፍኩ። ለማላውቀው ሰው ሁሉ በማር በተለወሰ ድምፅ አነብለታለሁ። ለገዛ ወንድሜ ግን ሌላ ምላስ ነበረኝ።

ወንድሜ ታናሼ ነው። ጁባ ሱቅ ነበረው፤ ከጦርነቱ ሸሽቶ ሲመለስ ሱቁንም እንቅልፉንም እዚያው ጥሎ ነው የመጣው። ያየውን አይናገርም። ዋራጊ የሚሉትን የዚህን አገር አረቄ ግን በጠዋቱ በሻይ ብርጭቆ ይጀምረዋል። ክሊኒክ የወሰድኩት እኔ ነኝ፤ ጥናቱም ውስጥ ገባ። ዘመድ ዘመዱን አይጠይቅም የሚል ደንብ ስላለ ለሥራ ባልደረባዬ ተሰጠ፤ እሷ በእንግሊዝኛ ትደውልለታለች፣ ምን እንዳለ ግን ትንፍሽ አትልልኝም። ሐኪሙ፣ እንደሱ ላለ ጠጪ በአንዴ ማቆም አደገኛ ነው፣ ሰውነቱ ይንቀጠቀጣል፣ ሊጥለውም ይችላል አሉና በመድኃኒት እየታገዘ እንዲቀንስ አደረጉ። ቀነሰ። ጢሙን ተላጨ፣ ማቶኬ የሚሉትን የተቀቀለ ሙዝ በኦቾሎኒ ወጥ መብላት ጀመረ፣ እንዲያውም አንድ ቀን አሾፈብኝ። ሁሉም ደስ አላቸው፤ አንጀቴ ያረረው እኔ ነኝ። ቀነሰ ብሎ ነገር ምንድን ነው? ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ሲሉኝ፣ «እንቁላሉ በእግሩ እስኪሄድ እኔ በቃሬዛ እሄዳለሁ!» አልኳቸው።

ዐቢይ ጾም ሊገባ ሲል፣ ቤተክርስቲያን ተከፍቶ በነበረበት ወቅት፣ የንስሐ አባታችን ዘንድ ይዤው ሄድኩ።

«አባ፣ ይገዝቱልኝ። ሁለተኛ እንዳይቀምስ።»

አባ ጢማቸውን ይዘው እሱንም እኔንም አዩን። «ልጄ፣ ግዝት ለጠና ሰው ነው። የታመመ ሰው ይህን ሸክም አይችልም። ሐኪሙ ምን ይላል?»

«ሐኪሙም ይሁን ብሏል» አልኩ።

ውሸቱ ዱብ አለ ከአፌ። ወንድሜ ሰምቶኛል፤ ቀና ብሎ አየኝ። መስቀሉ ሥር ጎንበስ ብሎ በሚካኤል ተገዘተ።

እግዜር አተረፈው እንጂ ልገድለው ነበር። አራት ቀን ሙሉ ላብ እያጠመቀው ሲንቀጠቀጥ፣ እኔ ሰይጣኑ እየለቀቀው ነው ብዬ ደስ ይለኝ ነበር። ከዚያ ተነሳ። ጾሙን ሙሉ አልቀመሰም፣ ፋሲካንም አለፈ። ወይ ኩራት! ላገኘሁት ሰው ሁሉ አወራሁ። ከፋሲካ በኋላ በአንዱ እሁድ ከገበያ ስመለስ ብርጭቆ ይዞ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ አገኘሁት። አንድ ብርጭቆ ናት፣ ግማሿ እንኳን አልተጠጣችም።

«ተገዝተህ?! በመልአኩ ስም ተገዝተህ?! ከዛሬ ጀምሮ ወንድም የለኝም፣ ሞቷል!» አልኩ።

ብርጭቆዋን ቀስ ብሎ መሬት ላይ አስቀመጠ፣ ጫማውን አደረገ፣ ወጣ። ብደውል ስልኩ ዝግ ነው። ብዙም ሳይቆይ ከተማው ተዘጋ። የት እንደገባ ሳላውቅ ሳምንታት አለፉ፤ እኔ አልጋዬ ላይ ቁጭ ብዬ ለሰው ሁሉ «አይወቀሱም» እላለሁ።

አንድ ማክሰኞ ባልደረባዬ በኮሮና ተኛችና ዝርዝሯ ለእኛ ተከፋፈለ። ስም የለበትም፣ መለያ ቁጥርና ስልክ ብቻ ነው። ከምሳ በኋላ ነው፣ ዝናብ ይጥላል። ሦስተኛው ሰው ጋ ደወልኩ፣ በእንግሊዝኛ ሰላምታ ሰጥቼ ከጥናቱ መሆኔን ተናገርኩ። ከወዲያ የሚሰማው ትንፋሽ ብቻ ነው። ቆይቶ በአማርኛ፣ «እየሰማሁ ነው፣ ይጠይቁኝ» አለ።

ወንድሜ ነው። ስልኩን ቀይሯል፤ አዲሱን ቁጥር ለጥናቱ ሰጥቷል፣ ለእኔ ግን አልሰጠም። ያ አንጀቴን ቆረጠው። ደንቡ ዝጊ ይላል። ከዘጋሁት ዳግመኛ እንደማያነሳ ስለማውቅ አልዘጋሁም። እሱም አውቆኝ እንደ ባዳ ነው የሚያናግረኝ፤ እኔም እንደ ባዳ ጠየቅኩት።

«ባለፈው ሳምንት ስንት ቀን ጠጡ?»

«ሁሉንም።»

«ከማን ጋር?»

«ብቻዬን። ያስጠጋኝ ጓደኛዬ ጂንጃ እንደሄደ መንገድ ተዘግቶበት ቀረ።»

«እንቅልፍስ?»

«ይመጣል፣ ይሄዳል። ዝናብ ሲጥል ጁባ ያለሁ ይመስለኛል።»

ድምፁ ከውኃ ሥር የሚመጣ መሰለኝ። ጣሪያዬ ላይ የሚወርደውን ዝናብ በስልኩም ውስጥ እሰማዋለሁ፤ እሱም ያለበት ይዘንባል ማለት ነው። እንግዲያው እሱ ከዚህ ከተማ አልወጣም አልኩ በልቤ። ከዚያ ቀጣዩ ጥያቄ ላይ ደረስኩ። ለስንቱ ሰው ሳነበው ኖሬ፣ ያን ቀን ግን ፊደሉ ሁሉ አዲስ ሆነብኝ።

«ብሞት ይሻለኛል ብለው አስበው ያውቃሉ?»

«አዎ።»

«በዚህ ሳምንት?»

«ዛሬ ጠዋትም። ተገዝቶ ያፈረሰ ሰው ምን ቀረው? እዚህም የለሁ፣ እዚያም የለሁ።»

በግል ስልኬ ለሐኪሙ መልእክት ጻፍኩ። አፌ ደግሞ ወረቀቱን ያነባል፦ አይወቀሱም፣ አይባረሩም፣ ዛሬ ካሉበት እንጀምራለን።

«ይሄ ወረቀቱ ላይ ያለ ነው ወይስ የእርስዎ?» አለኝ።

«ወረቀቱ ላይ ያለ ነው» አልኩ። ከዚያ በላይ ግን አልቻልኩም። «የኔማ ቢሆን ያኔ እሁድ እልህ ነበር! ሐኪሙ ይሁን ብሏል ብዬ ዋሽቼ ያስገዘትኩህ እኔ ነኝ! አንተ ምን አጠፋህ? የት ነህ አሁን? ንገረኝ ብዬሃለሁ!» እየጮህኩ አለቀስኩ። ስለማመጥ እንኳን ቁጣ ነው የሚቀናኝ።

«ሜንጎ ነኝ፣ እታለም» አለ።

ከየትኛው ሱቅ ጀርባ እንደሆነ ነገረኝ። ሐኪሙ ነርስ በክሊኒኩ መኪና እንደሚልኩ፣ እስክትደርስ ስልኩን እንዳልዘጋው ጻፉልኝ። የአባ ቤት እዚያው ሜንጎ፣ ሉቢሪ የሚሉት ቤተ መንግሥት አጥር አጠገብ ነው፣ ለእሱ ከእኔ ይቀርባሉ፤ በግል ስልኬ ደውዬ ቦታውን ነገርኳቸው። «ወድቋል አባ፣ ይድረሱለት» ከማለት ሌላ አላስረዳሁም። የሥራውን ስልክ ጆሮዬ ላይ ለጥፌ፣ ጥላም ሳልይዝ ወጣሁ።

ያን መንገድ እስካሁን በህልሜ እሄደዋለሁ። ዳገቱን ስወርድ ቀዩ ጎርፍ በእግሮቼ መሃል ይወርዳል። መኪና ተጨናንቆ የሚውልበት አስፋልት ባዶ ነው፤ ዝናቡ ሲያባራ እንፋሎት ከመሬቱ ተነሳ፣ አንዲት ፍየል ከውስጡ ወጥታ አየችኝና ተመልሳ ገባችበት። ጆሮዬ ውስጥ ትንፋሹ አለ። «አለሽ?» ይላል፣ «አለሁ» እላለሁ። «አለህ?» እላለሁ፣ «አለሁ» ይላል። ሌላ ወሬ አልነበረንም። እግሬ መሬት መርገጡን አላውቅም ነበር።

ሜንጎ ዳገት ሥር ስደርስ በስልኩ ውስጥ በር ሲንኳኳ ሰማሁ። «ቤቶች!» የአባ ድምፅ ነው። ያ ሁሉ ዝናብ ወርዶባቸው በእግራቸው ደርሰዋል። ወንድሜ ስልኩን የሆነ ቦታ አስቀመጠው መሰለኝ ድምፃቸው ራቅ አለ፣ ግን ይሰማል።

«አባ፣ አይቅረቡኝ፣ አሁንም ጠጥቻለሁ።»

«አፍንጫ አለኝ ልጄ። ጎንበስ በል።»

መንገድ መሃል ቆምኩ። ጸሎቱ በስልኩ ውስጥ ይቆራረጣል፤ «እግዚአብሔር ይፍታህ» የሚለው ግን ጥርት ብሎ ደረሰኝ። ከዚያ የወንድሜ ለቅሶ ተሰማኝ። ከጁባ ከመጣ ጀምሮ ሲያለቅስ ሰምቼው አላውቅም።

አባ ስልኩን አነሱት። «አንቺ፣ የት ነሽ?»

«መንገድ ላይ።»

«ሐኪሙ ይሁን ብሏል ያልሽኝ እውነት ነበር?»

«ዋሽቼዎት ነው፣ አባ።»

«ሳላውቀው አልቀረሁም። እያወቅሁ እሺ አልኩሽ፤ የኔን እኔ ለአምላኬ እናገራለሁ። አንቺም እዚያው ጎንበስ በይ።»

ከማዶ ሁለት ፖሊሶች ያዩኛል። አስፋልት ዳር፣ ስልክ ጆሮዬ ላይ ይዤ፣ ከፀጉሬ ውኃ እየተንጠባጠበ ጎንበስ አልኩ። ያበደች ናት ሳይሉኝ አልቀሩም፤ ይበሉ።

ስደርስ ነርሷ ቀድማኝ የደም ግፊቱን ትለካለች። አባ ካልሲያቸውን አውልቀው በሩ ላይ ይጨምቃሉ። ወንድሜ ከስቶ፣ ዓይኑ ጎድጉዶ ነበር። «ረጥበሻል» አለኝ። ክሊኒክ ገብቶ ተኛ፣ መድኃኒቱም ምክሩም እንደገና ተጀመረ፣ አሁንም ቀስ በቀስ። ሐኪሙን ይቅርታ ስጠይቅ ደህና አድርገው ተቆጡኝ፣ ይገባኛል። ደንብ በመጣሴ ከስልኩ ሥራ ተነስቼ ወረቀት ወደ መተርጎም ተዛወርኩ፤ የዚያን ቀን መልሶቹም ከጥናቱ ተሰረዙ። ውጤቱ ሲታተም ያች ማክሰኞ እዚያ ውስጥ አትገኝም።

በ2022 ትምህርት ቤቶች ተከፍተው ከተማው ወደ ጫጫታው ተመለሰ። አንድ ጠዋት ናካዋ ያለው ቢሯችን ገብቼ፣ ገና ቦርሳዬን ሳላስቀምጥ ስልኬ ጮኸ። ወንድሜ ነው። ሳይቀምስ ወራት አልፈውታል፤ ስንት እንደሆኑ አልቆጥርም ነበር። ውሸቴን ነው፣ እቆጥር ነበር።

«እታለም፣ ትናንት ጠጥቻለሁ።»

ደሜ ፈላ። ምን እዋሻለሁ፣ እንደ ድሮዬ ልጮህ አፌን ከፍቼ ነበር። ግን ሁልጊዜ እኔ እይዘዋለሁ እንጂ፣ አንድም ቀን ራሱ ደውሎ ነግሮኝ አያውቅም። ወንበሩን ስቤ ተቀመጥኩ።

«እሺ» አልኩት። «ዛሬስ?»

«ዛሬማ ገና ጠዋት ነው» አለ። «ክሊኒኩ በር ላይ ቆሜያለሁ። እስኪከፍቱ እንዳትዘጊብኝ።»