ቀኑ ላይ የተለጠፈ ፊት

ኤኔሞና አኮዌ ምክር ቤት ከመግባቱ በፊት እዚሁ ኢዳ ከተማ፣ ከወንዙ ዳር ገበያ ፊት ለፊት፣ አሥራ ዘጠኝ ዓመት መድኃኒት ሲሸጥ የኖረ ሰው ነው። ፋርማሲስት ሆኖ ተመርቆ ሲመጣ ገበያው ጊዜው ባለፈበት ክኒን ተጥለቅልቆ ነበር። ታዲያ ይህ ሰው አንድ ግትር አመል ነበረው፤ ገዢው ማሸጊያው ላይ ያለውን የማብቂያ ቀን በጣቱ ነክቶ፣ ጮክ ብሎ ካላነበበ መድኃኒቱን ከእጁ አይለቅም። «የምን ጣጣ ነው!» ያላለው የለም። ፊደል ያልቆጠሩትን ደግሞ ቁጥር እያስጠና ነው የሚሸኛቸው።

የተጨሰ ዓሣ የሚሸጡት እማማ ኦጆማ ከነዚያ አንዷ ናቸው። የመጀመሪያ ልጃቸውን የቀበሩት ከመንገድ ላይ የተገዛ መድኃኒት አላድናት ብሎ ነው። ቁጥር ለመለየት ሦስት ወር ፈጀባቸው፤ ካወቁ በኋላ ግን ከሱ ሱቅ የገዙትን ማየት እምቢ አሉ። «ካንተ እጅ የወጣውን ምን አገላብጣለሁ? ሞኝህን ፈልግ!» ይሉታል። እሱም ስቆ ለሳቸው ብቻ ሳያስነብብ ይለቅላቸዋል። ለምርጫ ሲወዳደር ይህ ስም ብቻውን አስመረጠው፤ አንድ ከረጢት ሩዝ እንኳ አላደለም።

ለሁለተኛው ዙር ግን ነገሩ ሌላ ሆነ። በእኛ አገር ፊቱን ያልለጠፈ ተወዳዳሪ እንደሌለ ይቆጠራል፤ በሚያድለው ሩዝም ሆነ ጨው ላይ መልኩ መታየት አለበት። ኤኔሞና ሊያድል ያሰበው የወባ መድኃኒት ነበር። ካርቶኖቹ ሲመጡ አንዱን ከፍቶ አገላብጦ አየ፤ ቀኑ ካለፈ ሦስት ወር ሆኖታል። ካርቶኖቹን ሊመልስ አሰበ። ሰዉ ግን ለነገ ተጠርቷል። «ኃይሉ ትንሽ ቢቀንስ ነው እንጂ አይገድልም» ብሎ ራሱን አታለለ። የምርጫ አስተባባሪው ያኩቡ ፎቶ የታተመበትን ተለጣፊ ተሸክሞ መጣና «ክቡርነትዎ፣ በየት በኩል እንለጥፈው?» አለው። ኤኔሞና በገዛ አፉ «ቀኑ ባለበት በኩል» አለ። አይ ሰው፣ እንዲህም ይወረዳል!

በነጋታው ሜዳው ጢም አለ። እማማ ኦጆማ ትኩሳት ይዟቸው ነበርና ቀድመው ተሰለፉ። የራሳቸውን ሲቀበሉ ግን ከኋላቸው ለተሰለፉት ሴቶች ጉራቸውን ሳይነዙ አላለፉም።

«ቁጥር ያስተማረኝ ይኼ ልጅ ነው! እዩ እንግዲህ!» አሉና በጥፍራቸው የኤኔሞናን ፊት ከአገጩ ጀምረው ላጡት።

«እማማ፣ ምን እያደረጉ ነው? ማነው የላከዎት?» ብሎ ያኩቡ ጮኸባቸው። አልሰሙትም፤ ጣታቸው ቀኑ ላይ ቆሟል።

«ስምንተኛ ወር ይላል... አሁን አሥራ አንደኛው ላይ አይደለን እንዴ? ልጄ፣ እስቲ አንተ እየው።»

ሰዉ ሁሉ ወደ መድረኩ ዞረ። ኤኔሞና ማይክራፎኑን ወደ አፉ አስጠጋ። «ዓይንዎ ደክሞ ነው እማማ፤ መድኃኒቱ ደህና ነው» አለ።

ሴቶቹ ሳቁ። አንዷማ «እሰይ አንባቢዋ!» አለች። እማማ ኦጆማ አንገታቸውን ደፉ። «ይቅር በለኝ ልጄ፣ እርጅና ነው። በሰው ፊት አሳፈርኩህ» አሉና ክኒኑን ፈልቅቀው ወደ አፋቸው ወሰዱ።

ቢሰድቡት ይችለው ነበር፤ ይቅርታቸው ነው የገደለው። ከመድረኩ ዘሎ ወርዶ እጃቸውን ያዘ።

«አይዋጡት! ያነበቡት ልክ ነው፣ አልፎበታል። አውቄ ነው ያስለጠፍኩበት።» ማይክራፎኑን አልዘጋውም ነበርና ሜዳው በሙሉ ሰማ።

እማማ ኦጆማ ክኒኑን መዳፉ ላይ አስቀመጡለት። «ታዲያ ዓይኔን ለምን ሰደብክብኝ?» አሉት ቀስ ብለው።

ምርጫውን ተሸነፈ፤ እሱስ ይሁን። የባሰው ሱቁን መልሶ ከከፈተ በኋላ የሆነው ነው። እማማ ኦጆማ እንደ ድሮው መጡ፣ እንደ ድሮው ስለ ዓሣው መወደድ አጫወቱት፣ አንዴም ሳቁለት። እሱም ደስ ብሎት የወባ መድኃኒታቸውን አቀበላቸው። ተቀበሉና ወደ በሩ ብርሃን ወጣ አሉ፤ ጣታቸውን ቀኑ ላይ አሳርፈው፣ አንድ በአንድ፣ ጮክ ብለው አነበቡት። ኤኔሞና ከባንኮኒው ኋላ አቀርቅሮ እስኪጨርሱ ጠበቀ።